ስለ ሥራ ድካም፤ በጉልበት ሥራ ጊዜ የሰው ሰውነትና ልቡና እንዴት እንደሚለወጥ

በመኸር ወራት ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ የሚወርደው ሕዝብ ብዙ ነው። ከእነዚህም ሰዎች አንዳንዱ በወረደ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ማጭዱን ጥሎ የተቀመጠ እንደ ሆነ አሠሪው ሰነፍ ነው ይለዋል፤ ሲለፈልፍ የተሰማ እንደ ሆነ ሰክሯል ይባላል፤ ገላው ሲነካ የሚያተኩስ እንደ ሆነም ወባ ነው ተብሎ በዳሱ ውስጥ ተኝቶ ይተዋል። ከሦስቱ ፍርዶች አንዱ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሦስቱም ሐሰት የሚሆኑበት ጊዜ ደግሞ አለ፤ በዚያን ጊዜ በፍርዱ ስሕተት ሰው ይሞታል። ስለዚህ በየወረዳው ያላችሁ ሹማምንትና ሠራተኛ የምታሠማሩ የእርሻ ባለቤቶች ሁሉ የድካምን ጠባይ ታውቁት ዘንድ ይህን ጽፈናል።

ዐርፎ የተቀመጠ ሰው ልቡ በአንድ ደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ይመታል፤ በዚያውም ደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይገፋል። ብርቱ ሥራ በያዘ ጊዜ ግን የጤነኛ ጎልማሳ ልብ እስከ 20 ሊትር ድረስ ሊገፋ ይችላል። ደሙ ለሚሠራው ጡንቻ አየርና ምግብ ያደርሳል። ነገር ግን ጡንቻው ከሚያጠፋው ኃይል ለሥራው የሚውለው ከአራት እጅ አንዱ ወይም ከዚያ ያነሰው ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ሙቀት ሆኖ በገላ ውስጥ ይከማቻል። አጫጅ እሳቱን በውስጡ ተሸክሞ ይሠራል ማለት ነው፤ የፀሐይ ትኩሳት የሚጨመረው በዚህ ላይ ነው።

ይህ ሙቀት የሚወጣበት ዋናው በር ላብ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከገላ ላይ ተንኖ በደረቀ ጊዜ 580 ኪሎካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ተንጠባጥቦ መሬት ላይ የወደቀው ግን ምንም አያቀዘቅዝም፤ አየሩ እርጥብ ሲሆንና ነፋስ ሲጠፋ ሰው የሚጨነቀው ስለዚህ ነው። በቆላ ሙቀት በብርቱ የሚሠራ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር፥ አንዳንዱም ከዚያ የሚበልጥ ላብ ያወጣል፤ ከላቡም ጋራ ጨው ይወጣል። ውሃው ባልተተካ ጊዜ ደሙ እያነሰ ይሄዳል፤ ይህንኑ ያነሰ ደም ደግሞ ጡንቻው ለሥራ፥ ቆዳው ለማቀዝቀዝ ይሻሙታል። ስለዚህ ሥራው ሳይጨምር የልቡ አመታት ይጨምራል።

ድካም የሥጋ ብቻ አለመሆኑን አስቀድሞ በመሣሪያ የመረመረው የቶሪኖው ሊቅ አንጀሎ ሞሶ ነው። ይህ ሰው ኤርጎግራፍ በሚባል መሣሪያ በአንድ ጣት ክብደት እያስነሣ የድካምን መንገድ በወረቀት ላይ አስመዘገበ፤ ስለ ድካም የጻፈውንም መጽሐፍ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1891 ዓ.ም. አሳተመ። ባልደረባው ተማሪዎችን ሲፈትን ከዋለ በኋላ፥ ምንም ሸክም ሳያነሣ ተቀምጦ ሳለ፥ የጣቱ ኃይል አንሶ ተገኘ። (እኛ የጽሕፈት ቤት ሰዎች ይህን ነገር ስናነብ ደስ ይለናል።)

ሥጋም በበኩሉ ልቡናን ይለውጣል። በፈረንጆች 1999 ዓ.ም. የአሜሪካ መርማሪዎች የደከመ ወይም ሸክም ያዘለ ሰው የዳገቱን ቁልቁለት ካለው መጠን አብልጦ እንደሚገምት ጽፈዋል። ሌሎች ሊቃውንት ግን ተመርማሪዎቹ የጠያቂውን አሳብ ዐውቀው ነው የመለሱት ብለው ተከራክረውበታል፤ ክርክሩም የሚናቅ አይደለም። እኔ ራሴ በቅሎዬ አነክሳብኝ ከዓባይ በረሃ ሽቅብ በእግሬ በወጣሁበት ቀን ከተጠየቅሁ ዳገቱ ግድግዳ ነው ብዬ እምል ነበር።

ለአሠሪ የሚጠቅመው ግን ከዚህ የሚቀጥለው ነው። የስዊድኑ ሊቅ ጉናር ቦርግ ሠራተኛ ድካሙን ከ6 እስከ 20 ባለው ቁጥር እንዲናገር የሚያደርግ መለኪያ አወጣ፤ ጤነኛ ሰው የጠራው ቁጥር በዐሥር ሲባዛ ወደ ልቡ አመታት የቀረበ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ልቡናው ያልታወከ ሠራተኛ ደከመኝ ሲል ቃሉ ምስክር ነው፤ ስንፍና ተብሎ ሊጣል አይገባውም። የገላው ሙቀት ከመጠን ያለፈበት ሰው ግን ፈራጁ አእምሮ ራሱ ታሟልና፥ ምንም አልሆንሁም ቢል ሊታመን አይገባም። ጥማትም እንዲሁ ዘግይቶ የሚመጣ ምስክር ነው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1.2 ሊትር ውሃ ካጣ በኋላ ጥማቱ ገና ሳይበረታበት ሥራውና ማስተዋሉ ሊቀንስ ይችላል።

የገላ ሙቀት 40 ዲግሪ ሲያልፍ ሰውየው ይንገዳገዳል፥ ያለ ምክንያት ይቆጣል፥ ቃሉ ይዘባርቃል፥ በመጨረሻም ይወድቃል። ላቡ ገና እየወረደ ሊሆን ይችላልና ላብ ስላለው ደኅና ነው አይባልም። ወዲያው ጥላ ውስጥ አግብቶ፥ ልብሱን አውልቆ፥ በመላ ገላው ላይ ውሃ እያፈሰሱ ማራገብ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውሃ አይሰጥም። ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ የግድ ነው፤ ነገር ግን ማቀዝቀዙ ይቀድማል፤ ጉዞው ሰዓታት ሲፈጅ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላልና። ወባ መሆን አለመሆኑም በዚያው ይመረመራል።

አደጋው አብልጦ የሚያገኘው አዲስ ገቢውን ነው። በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ጉድጓዶች በፈረንጆች 1920ዎቹ ዓመታት ሠራተኞች በሙቀት ከሞቱ በኋላ፥ አዲስ የመጣውን ሰው ጥቂት በጥቂት እያስለመዱ ማሠራት ተጀመረ። ሰውነት ቆላን የሚለምደው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ላቡ ፈጥኖ ይመጣል፥ በላቡ የሚወጣው ጨው ያንሳል፥ ልቡም ይረጋል። ደገኛ በስስ አየር የለመደው ብርታት ለዚህ ምትክ አይሆነውም። ስለዚህ አዲስ ገቢ በመጀመሪያው ቀን ከሙሉ ሥራ አንድ አምስተኛውን ብቻ ይሥራ፤ በየቀኑም ከአንድ አምስተኛ የማይበልጥ ይጨመርለት። ክፍያው በታጨደው ልክ በሆነበት እርሻ ሠራተኛው ራሱ ይህን አይወድም፤ በእነዚያ ጥቂት ቀኖች የቀን ሒሳብ ቢታሰብለት ግን እሺ ይላል።

ውሃ ከአጫጆቹ አጠገብ ይቁም፤ ሩቅ ያለ በርሜል የሌለ ያህል ነው። በየሩብ ሰዓቱ ወይም በየሃያ ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ይጠጣ፤ በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ መጠጣት ግን የደሙን ጨው አቅጥኖ ሌላ በሽታ ያመጣል። ጨው ያለው ምግብ ይብሉ። ጠላና አረቄ ውሃን አይተኩም። በጾም ቀን እስከ ቀትር የማይጠጣ ሠራተኛ ሥራውን በንጋት ጀምሮ ፀሐይ ሳይበረታ ያቁም። ሠራተኞቹም ሁለት ሁለት ሆነው ይመደቡ፤ አንዱ ሲንገዳገድ ሁለተኛው ስሙንና የመጣበትን መንደር ይጠይቀው፤ መልሱ የተዘባረቀ እንደ ሆነ አለቃ ሳይጠብቅ ውሃውን ያፍስስበት።