መኪናችሁን ከማስቀባታችሁ በፊት

ኮፈኑ ነጣ፣ ጣራው ደበዘዘ፣ «በቃ ቀለም ቤት ይግባ» ብላችሁ ቀጠሮ ለያዛችሁ ሁሉ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

የኮንዶሚኒየማችን ጎረቤቶች ቅዳሜ ማታ ፓርኪንጉ ላይ ተሰባስበን የአንድ ሰው መኪና በጋራ እናጸዳለን፣ ፖሊሽም እናደርጋለን። ማሽኑ የአንዱ ነው፣ ፓውዛው የሌላው፣ ጉልበቱ የሁላችን። ባለፈው ተራው የደረሳቸው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ነበሩ። ቀይ ዲኤክስ መኪናቸው ዓመታት ያለ ጥላ ቆሞ ወደ ሮዝ ተለውጧል። ልጆቻቸው «ጋሼ ይቀባ» ቢሏቸውም እሳቸው እምቢ ብለዋል። እኔም ለእሳቸው ነው የምፈርደው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ፋብሪካ ውስጥ ቀለም የሚቀባው ጎማ፣ መስታወት፣ ወንበርና ሽቦ ገና ያልገባበት ባዶ ቦዲ ነው። ከተቀባ በኋላ ወደ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ አልፎ ይበስላል። ተገጣጥሞ ያለቀ መኪና እዚያ ሙቀት ውስጥ ቢገባ ፕላስቲኩና ሽቦው ይበላሻል። ስለዚህ የሰፈራችን ቀለም ቀቢ የቱንም ያህል ባለሙያ ቢሆን ያንን ቀለም መልሶ ሊሰጣችሁ አይችልም። በዚያ ላይ ገበያችንን ታውቁታላችሁ። ገዢ ገና ከሩቅ «ቀለሙ ኦሪጅናል ነው?» ይላል፤ የተቀባ ካየ የተጋጨ ነው ብሎ ያስባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል። አሁን ያሉን መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይቆያሉና ቀለማቸውን መንከባከብ ያዋጣል።

ቀለም የሚነጣው እንዲህ ነው። ውስጡ መልኩን የሚሰጠው ደቃቅ ዱቄትና ያንን ዱቄት አስሮ የሚይዝ ሙጫ አለ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሙጫውን ይሰባብረዋል፤ ዱቄቱም ይለቀቃል። ኮፈኑን ስትነኩ ጣታችሁ ላይ የሚቀረው እሱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ጨረሩ ደግሞ በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጠነክራል። ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዘን ፀሐዩን እንንቀዋለን እንጂ ለመኪና ቀለም የከተማችን ፀሐይ ከባድ ነው።

ደስ የሚለው ጉዳቱ የሚጀምረው ከላይ መሆኑ ነው፤ ከሥሩ ብዙውን ጊዜ ያልተነካ ቀለም አለ። ፖሊሽ የሚሠራው የሞተውን ስስ ሽፋን ማንሳት ብቻ ነው፤ የሚጨምረው ቀለም የለም። በሠራችሁ ቁጥር ከመኪናው ላይ ትቀንሳላችሁ። በዘመናዊ መኪና ከቀለሙ በላይ ያለው፣ ክሊር የሚሉት መልክ አልባ ሽፋን ውፍረቱ በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ይሳሳል። አሮጌዎቹ ላይ ግን ክሊር የለም፤ ቀለሙ ራሱ ነው ላይኛው። የእናንተ የቱ እንደሆነ ለማወቅ በማይታይ ቦታ በነጭ ጨርቅ ጥቂት ፖሊሽ እሹበት። ጨርቁ የመኪናውን መልክ ከያዘ ክሊር የለውም ማለት ነው። ሜታሊክ ከሆነ ክሊር እንዳለው በአብዛኛው እርግጠኛ መሆን ይቻላል። ነጭ ቶዮታ ያላችሁ ግን ሳትፈትኑ አትጀምሩ፤ ክሊር የሌላቸው ብዙ ናቸው። ክሊር እንዳለው ባወቃችሁት መኪና ላይ ጨርቁ መልክ ካወጣ ግን ክሊሩን ጨርሳችሁታልና ወዲያው አቁሙ።

ከፖሊሹ በላይ ልብ በሉልኝ የምለው እጥበቱን ነው። ላቫጆ ውስጥ ለአሥር መኪና በሚያገለግል አንድ ባልዲና አንድ ስፖንጅ የታጠበ መኪና በአሸዋ እንደታሸ ቁጠሩት። ጠዋት ጠዋት አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ማራገፍ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በፓውዛ ሥር የሸረሪት ድር መስሎ የሚታየው ጭረት አብዛኛው የሚመጣው ከነዚህ ነው። እኛ ሁለት ባልዲ እንጠቀማለን፤ አንዱ የመኪና ሻምፑ፣ ሌላው ጨርቁን ማለቅለቂያ ንጹህ ውሃ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አናስጠጋም፤ የተቀባውን ሰም ያነሳዋል።

ከታጠበ በኋላ እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ ቀለሙ ላይ አንሸራትቱ። በባዶ እጅ የማይታወቅ ሸካራነት በፌስታሉ በኩል ይሰማችኋል። የሲሚንቶ አቧራ ነው፣ የዛፍ ሙጫ ነው፣ ከብረት ቤት የተረጨ የብረት ብናኝ ነው። ነጭ መኪና ላይ የምታዩዋቸው ቡናማ ነጠብጣቦች ብዙ ጊዜ የቦዲው ዝገት አይደሉም፤ ከግራይንደር ተፈናጥሮ የተጣበቀ ብናኝ ናቸው። ይህ ሁሉ ክሌይ በሚሉት ሊጥ መሰል ማጽጃ ካልተነሳ ማሽኑ እየጎተተ መኪናውን ይጭረዋል።

ዲኤክሱን ዓርብ ማታ አጥበን ዘይት የበዛበት ግሌዝ በእጅ እያሸን አሳደርነው፤ ክሊር የሌለው ደረቅ ቀለም ዘይቱን ይጠጣል፣ ሲታሽም አይፋቅም። ቅዳሜ ማታ ኮፈኑ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን በቴፕ ከልለን ከሁሉም በለዘበው ፖሊሽ ጀመርን። ስፖንጁ በአፍታ ደም መሰለ። አንዱ ጎረምሳ «ኧረ ቀለሙ እየለቀቀ ነው!» ብሎ ማሽኑን ሊነቅል ሮጠ። የሞተው ቀለም መሆኑን አስረድተነው ቴፑን ስናነሳ ድንበሩ ቁልጭ ብሎ ታየ፤ ከአንዱ ወገን አመዳም ሮዝ፣ ከሌላው ወገን የፓውዛው ክብ ከነመያዣው የሚታይበት ቀይ። ባለቤቱ ጎንበስ ብለው አዩትና «እንዲህ ነበረ፤ ስገዛው እንዲህ ነበረ» አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም ወደ ቤቱ መግባት አልፈለገም።

በማታ የምንሠራው ቀን ሥራ ስላለን ብቻ አይደለም። ፀሐይ የመታው ላሜራ ይግላል፤ ፖሊሹ ሳይሠራ ደርቆ ይጣበቃል። ጨለማ ውስጥ ደግሞ ከጎን የበራ አንድ መብራት የቀረውን ጭረት ሁሉ ያሳያል።

ማሽንን በተመለከተ አንድ ነገር አደራ። ግራይንደር ላይ ስፖንጅ አስሮ ፖሊሽ ሊያደርግላችሁ የመጣ ካለ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ይሽከረከራል፤ የፖሊሽ ማሽን በአብዛኛው ከ3,000 አያልፍም። ለጀማሪ እየዞረ የሚወዛወዘው፣ ዲኤ የሚሉት ማሽን ይሻላል፤ ቀለሙን ቶሎ አያግልም። የቦዲው ጠርዝና መስመር ላይ ቀለሙ ስለሚሳሳ ቴፕ ለጥፉበት።

ሲያልቅ ሰም ይቀባል። ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚወጣው ካርናውባ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በየጥቂት ወሩ መታደስ አለበት። በናፍጣ መወልወል ለጊዜው ያብረቀርቃል፣ ከዚያ አቧራ ይሰበስባል።

በሚመጣው ቅዳሜ ተራው የብርማ ቪትዝ ነው። ጣራው ላይ ክሊሩ ተልጦ እየተነሳ ስለሆነ እሱን ፖሊሽ አያድነውም፤ ለባለቤቷም ነግረናታል። ጣራው ብቻ ይቀባል፤ በሮቹንና ኮፈኑን ግን እናተርፋለን። የምትመጡ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ያዙ፤ ጠርዙ ላይ የተሰፋችውን ምልክት ግን ቀድማችሁ ቁረጧት፣ እሷም ትጭራለች።