በታማሚ አልጋ አጠገብ የሚቆም መንፈሳዊ አማካሪ ወሰኑ እስከ የት ነው?

በሰው አገር መታመም ሁለት ጊዜ መታመም ነው። አንዱ የሥጋ ሕመም ነው፤ እርሱን ሐኪም ያየዋል። ሌላው ዘመድ ጎረቤት በሌለበት፣ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም በራቀበት፣ ቋንቋው በማይገባን ክፍል ውስጥ ብቻን ተኝቶ ጣሪያ ማየት የሚያመጣው ሕመም ነው። በዚህ ሰዓት በሩን አንኳኩቶ «ላነጋግርዎ? ልጸልይልዎ?» የሚል ሰው ቢመጣ ስንቱ እምቢ ይላል? «ውኃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል» እንዲሉ አበው፣ የጨነቀው ሰው የተዘረጋለትን እጅ ሁሉ ይይዛል። እጁን የዘረጋው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈቀድለትና ምን እንደሚከለከል የሚያውቅ ወገናችን ግን ብዙ አይደለም። ዛሬ ልናነሳው የወደድነው ጉዳይ ይኸው ነው። (በጽሑፋችን የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሞ የተነሳ ሰው የጀመረው ሙያ

በአሜሪካ ሆስፒታሎች ቻፕሊን እየተባሉ የሚጠሩ መንፈሳዊ አማካሪዎች አሉ። ብዙዎቻችን «የሆስፒታሉ ቄስ» ወይም «የሆስፒታሉ ፓስተር» እንላቸዋለን። አጠራሩ ግን ያሳስታል። ቻፕሊኑ ፕሮቴስታንት፣ ካቶሊክ፣ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፣ አይሁድ ወይም ቡድሂስት ሊሆን ይችላል። የሚያገለግለው ግን የራሱን እምነት ተከታዮች ብቻ አይደለም፤ «እምነት የለኝም» የሚለውን ጨምሮ በሆስፒታሉ የተኛውን ሁሉ ነው።

የሙያው ሥልጠና አጀማመር የሚገርም ነው። አንቶን ቦይሰን የተባለ አሜሪካዊ የፕሮቴስታንት አገልጋይ በ1920 አእምሮውን ታሞ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ከዳነ በኋላ በማሳቹሴትስ በሚገኘው የዉስተር የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ቻፕሊን ሆነ፤ በ1925 ደግሞ የነገረ መለኮት ተማሪዎችን እዚያው በታማሚዎች መሐል ማሠልጠን ጀመረ። ሐሳቡ አጭር ነበር፤ ተማሪው መጽሐፍ በጥንቃቄ እንደሚያነብ ሁሉ የታመመውንም ሰው በጥንቃቄ ያንብብ፣ ከመናገሩ በፊትም ይስማ የሚል ነው። ዛሬ በአሜሪካ የሙያ ቦርድ ምስክር ወረቀት የሚፈልግ ቻፕሊን ከከፍተኛ ትምህርቱ በተጨማሪ አራት ዙር ተግባራዊ ሥልጠና መውሰድ ይጠበቅበታል። እያንዳንዱ ዙር ቢያንስ 400 ሰዓት ነው። ከራሱ የእምነት ተቋምም ድጋፍ ማምጣት አለበት። እንግዲህ ደግ ልብና ጥሩ ድምፅ ስላለው ብቻ ማንም ተነስቶ የሚገባበት ሥራ አይደለም ማለት ነው።

ታማሚው የቤቱ ባለቤት፣ አማካሪው እንግዳ

በ2004 የአሜሪካና የካናዳ የቻፕሊኖችና የመንፈሳዊ አማካሪዎች ማኅበራት፣ የካቶሊኩና የአይሁዱ ጭምር፣ አንድ የጋራ የሥነ ምግባር ደንብ አጽድቀዋል። የደንቡ ዋና ዋና ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው። አማካሪው የራሱን ትምህርትና ሥርዓት በሚያገለግለው ሰው ላይ አይጭንም። የሰማውን ምስጢር ይጠብቃል። ከሚያማክረው ሰው ጋር የፍትወት ግንኙነት አያደርግም። ከአቅሙ በላይ የሆነውን ለሚችለው ያስተላልፋል። በእርሱና በታማሚው መካከል የኃይል ልዩነት እንዳለም ምንጊዜም አይዘነጋም።

የመጨረሻዋ ነጥብ የሌሎቹ ሁሉ ሥር ናት። በመንገድ ላይ የሚሰብክ ሰው ቢያሰለቸን ጥለነው እንሄዳለን። ጉሉኮስ ተሰክቶለት የተኛ ሰው ግን ወዴት ይሄዳል?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጋብቶ፣ ተዋልዶና አንድ ማዕድ ቀርቦ እንደሚኖር ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ የመጡ አንዲት ሙስሊም እናት ክርስቲያን ልጃቸው ዘንድ ሆነው ጠንክረው ታመሙ እንበል። ልጅቱ ደግ አስባ፣ ለእናቷ ነፍስ ሳስታ፣ ቻፕሊኑን «እናቴ ሳታልፍ አንድ ካህን መጥቶ ያጥምቅልኝ» ትለዋለች። ቻፕሊኑም ክርስቲያን ነው፤ ልቡ ወደ ልጅቱ ሊያደላ ይችላል። ይሁን እንጂ በሙያው ደንብ አገልጋይነቱ ለእናትየው ነው። ስለዚህ ልጅቱ በሌለችበት፣ በአስተርጓሚ፣ «እማማ፣ አሁን ማንን ባገኝልዎ ደስ ይልዎታል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። እናት «ኢማም ጥሩልኝ» ካሉ ኢማም ይጠራል፣ አልጋቸውም ወደ ቂብላ እንዲዞር ያደርጋል። «የልጄም ጸሎት ደስ ይለኛል፣ የኢማሙም ዱዓ አይቅርብኝ» ቢሉ ይህም የእርሳቸው መብት ነው። «ማንንም አልፈልግም» ቢሉ ደግሞ ወንበር ስቦ ዝም ብሎ መቀመጥን ማወቅ አለበት። ታማሚው ኦርቶዶክስ አባት፣ ልጆቹ ጴንጤ ቢሆኑም ፍርዱ ያው ነው።

ይህ ማለት ግን ቻፕሊኑ ያልሆነውን ሆኖ ይቅረብ ማለት አይደለም። ፕሮቴስታንቱ ቻፕሊን እንደ ነፍስ አባት ኑዛዜ ልቀበል ቢል ታማሚውን ማታለል ይሆንበታል። «ይህ ለእኔ አይፈቀድልኝም፤ የሚፈቀድለትን ልጥራልዎ» ማለት ግን ሐቀኛ መልስ ነው።

«ታዲያ ነፍስ እየጠፋች ዝም እንበል?» የሚሉን ወገኖች ይኖራሉ። ጥያቄያቸውን አንንቅም፤ ስለ እምነቱ የማይቆረቆር አማኝ የለም። ታማሚው ራሱ «አንተ ምን ታምናለህ?» ብሎ ከጠየቀ መመለስ ነውር የለውም። ነገር ግን በፍርሃት፣ በሥቃይና ብቸኝነትን በመሸሽ የተነገረ «እሺ» እምነት ነው ወይ? ክርስትናውም እስልምናውም በግድ የተገኘን እምነት እምነት አይሉትም።

የራሳችን ጓዳ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሆስፒታሉ ሰው ነው። እርሱ ቢያጠፋ የሚጠይቀው አለቃ፣ የሚከሰስበትም ቦርድ አለ። ከእኛው መሐል ተነስቶ «ተልኬ ነው የመጣሁት» እያለ በየክፍሉ የሚገባውንስ ማን ይጠይቀዋል? በመጠየቅ መልካም ባህላችን ውስጥ ተሸሽገው የሚገቡ ቢያንስ ሦስት ጥፋቶች አሉ።

አንደኛው «መድኃኒቱን ተው፤ እምነትህ ያድንሃል» የሚለው ምክር ነው። በዚህ ጉዳይ አገራችን ብዙ ዋጋ ከፍላለች። በእንጦጦ ጸበል የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን አቋርጠው የተጎዱ ወገኖች ነበሩ። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ መናገራቸው የብዙዎችን ጭንቀት አቅልሏል። ሃይማኖት መሪ «መድኃኒትህንም ዋጥ፣ ጸበልህንም ጠጣ» ሲል ታማሚው በእግዚአብሔርና በሐኪሙ መካከል እንዲመርጥ አይገደድም። የአእምሮ ሕመምም እንዲሁ ነው። ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብን ወጣት «መንፈስ ነው» ብሎ ለጸሎት ብቻ መያዝና ሐኪም እንዳያይ ማድረግ ነፍስ ያስከፍላል።

ሁለተኛው የስልክ ካሜራ ነው። ታማሚው በማደንዘዣ ደክሞ፣ ፀጉሩ ተመልጦ፣ ልብሱ ከላዩ ተገፎ ሳለ ጸሎቱ ይቀረጽና «ምስክርነት» ተብሎ ለዓለም ይለቀቃል። ፈቃዱን የጠየቀው ማን ነው? ቢጠየቅስ በዚያ ሁኔታ የሰጠው ፈቃድ ፈቃድ ይባላል?

ሦስተኛው «የጸሎት ርዕስ» የሚባለው ሐሜት ነው። «እገሊትን በጸሎት አስቧት፤ ምርመራዋ እንዲህ ሆኖ ተገኘ» የሚለው ቃል በአንድ ከሰዓት በኋላ ከሲያትል ዋሽንግተን ዲሲ ይደርሳል። የተናጋሪው አሳብ ቅን ሊሆን ይችላል። የሴትየዋ ምስጢር ግን አይመለስም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ምስጢሩ እስከ የት ይጠበቃል?

የንስሐ አባት በኑዛዜ የሰማውን ይዞ እንደሚሞት ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። በእስልምናም ኃጢአትን ለሰው መናዘዝ ባይኖርም ምክር የተጠየቀ ሰው አማና ተሸክሟል። የአሜሪካም ሕግ ይህን ያውቀዋል። በ1813 በኒውዮርክ ከተማ አንቶኒ ኮልማን የተባሉ ካቶሊክ ካህን የተሰረቀ ዕቃ ለባለቤቱ እንዲመለስ አድርገው ነበር። ፍርድ ቤቱ የሌባውን ማንነት ሲጠይቃቸው በኑዛዜ የሰሙትን እንደማይናገሩ አስታወቁ፤ ፍርድ ቤቱም አላስገደዳቸውም። በ1828 የኒውዮርክ ግዛት ይህንኑ ጥበቃ በሕግ ደነገገ።

ይሁን እንጂ ምስጢር የተጎጂ ሕፃናትን ጩኸት ማፈኛ የሆነበት ጊዜ እንዳለ መካድ አይቻልም። ለዚህም ነው ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ስቴት በሜይ 2025 አገረ ገዥው ቦብ ፈርጉሰን የሃይማኖት አገልጋዮች በሕፃናት ላይ የሚደርስን ጥቃት እንዲያሳውቁ የሚያስገድደውን ሕግ የፈረሙት። ሕጉ ኑዛዜንም ስላላስቀረ የካቶሊክ ጳጳሳትና የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ከሰሱ። የፌዴራል ዳኛ በጁላይ 2025 ኑዛዜን የሚመለከተውን ክፍል አገዱ፤ በኦክቶበር ደግሞ ግዛቱ ያንን ክፍል ላለማስፈጸም ተስማማ። አገልጋዩ ከኑዛዜ ውጭ የሰማውን የማሳወቅ ግዴታው ግን እንዳለ ነው። ከኑዛዜ ውጭ የሰሙትን የሕፃን መደፈር «የማኅበረሰቡ ስም ይጠፋል» ብለው የሚሸፍኑ ሰዎች ከለላ የላቸውም፤ ሊኖራቸውም አይገባም እንላለን።

እዚህ ላይ ወገኖቻችን አንድ ነገር ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን። ቻፕሊን የንስሐ አባት አይደለም። ከታማሚው ጋር የተነጋገረውን ጠቅለል አድርጎ በሕክምና መዝገቡ ላይ ሊጽፍ ይችላል። ታማሚው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ መሆኑን ከሰማ ለሕክምና ቡድኑ ይናገራል። ጥሩ ቻፕሊን ይህን አስቀድሞ ያስረዳል፤ ካላስረዳ ግን ታማሚው ይጠይቅ።

ገንዘብና ገላ

መስቀል እየተሳለምን፣ እጅ እየሳምን ያደግን ሕዝብ ነን። አክብሮቱ መልካም ነው። ያንኑ አክብሮት የሚነግድበት ሲመጣ ግን «አባት እንዲህ አያደርግም» እያልን ዓይናችንን ጨፍነን የምንበላው እኛው ነን። የጸሎት ዋጋ የሚተምን፣ ለትንቢት ገንዘብ የሚያስልክ፣ በሞት አፋፍ ላይ ያለን ሰው ኑዛዜ ወደ ራሱ የሚያዞር ሰው አማካሪ አይደለም። ምክር ፍለጋ የመጣችን ሴት አግባብቶ አልጋው ላይ የሚያወጣም እንዲሁ። በሚኒሶታ ሕግ አንድ የሃይማኖት አገልጋይ መንፈሳዊ ምክር ከሚሰጠው ሰው ጋር የፍትወት ግንኙነት ቢፈጽም በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል፤ «ፈቅዳ ነው» ማለት መከላከያ አይሆነውም። በእንግሊዝና በዌልስም በ2022 የወጣ ሕግ ዕድሜያቸው 16 እና 17 ከሆኑ ወጣቶች ጋር እንዲህ የሚያደርግ የሃይማኖት መሪን በወንጀል ተጠያቂ አድርጓል። ሕግ አውጪዎቹ የተረዱት የምክር ክፍሉ በር ሲዘጋ «እምቢ» ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሚሆን ነው።

ምን እናድርግ?

በአሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን በእጃቸው ያሉትን መብቶች እናስታውስ። ሆስፒታል ሲገቡ ሃይማኖትዎን ቢጠየቁ ለመመለስ አይገደዱም። ከመለሱ ደግሞ ስምዎና የተኙበት ክፍል የእምነትዎ አገልጋይ ሊያየው በሚችለው ዝርዝር ላይ ሊገባ ይችላል፤ ካልፈለጉ «አይግባ» ይበሉ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለበት። ስለዚህ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የእናቱን ኑዛዜ ወይም የአባቱን የሞት ዜና እንዲተረጉም አናድርግ። የማይፈልጉት ጸሎት ቢመጣ «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» ማለት ድፍረት አይደለም። ቅሬታ ካለዎት የታማሚዎች ጉዳይ የሚሰማበት ክፍል አለ። የራስዎን የነፍስ አባት፣ ኢማም ወይም ፓስተር ስምና ስልክ ደግሞ ጤነኛ ሳሉ ጽፈው ለቤተሰብ ይስጡ።

ከግለሰቡ ይልቅ ግን ጥያቄያችን ለተቋሞቻችን ነው። በየከተማው ስንት አጥቢያ፣ ስንት መስጊድ፣ ስንት ኅብረት አለን? ሕንፃ ለመግዛት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ስናዋጣ ኖረናል። አንድ ካህን፣ አንድ ኢማም፣ አንድ ፓስተር፣ ወይም ሴት ታማሚዎች የሚፈልጓትን አንዲት እህት በሆስፒታል አገልግሎት ለማሠልጠን ምን ያህል አዋጥተናል? ታማሚ የሚጠይቁ አገልጋዮቻችን የሚፈርሙበት የአንድ ገጽ ደንብስ አለን? መድኃኒት አታስቁም፣ አትቅረጽ፣ ምስጢር አታውጣ፣ ገንዘብ አትቀበል፣ ያልተጠየቅኸውን አትስበክ። አምስት መስመር ነው፤ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ካቶሊኩም፣ ጴንጤውም እምነቱን ሳይነካ ሊፈርምበት ይችላል።

የአገራችን ሰው ለቅሶ ቤት ሲሄድ የሟቹን ሃይማኖት ሳይጠይቅ አብሮ ይቀመጣል፣ አብሮ ያዝናል። ይህን ትዕግሥት ሰው ከሞተ በኋላ ከምናሳየው ገና በሕይወቱ፣ በአልጋው አጠገብ ብናሳየው ይበልጣል እንላለን።

ቸር ይግጠመን።