ሰው አገር ሲገቡ፦ የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት በናይሮቢ

«አገርን በአገሬው፣ ሰርዶን በበሬው» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን አባባሉ ከአገሬው ጋር እስኪተዋወቁ ድረስ ስላሉት ቀናት ምንም አይልም። ይህ ጽሑፍ ስለ እነዚያ ቀናት ነው።

በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከትምህርት ክፍላችን አሥራ አራት ተማሪዎች ከአንድ መምህራችን ጋር በአውቶቡስ ወደ ናይሮቢ ተጉዘን ነበር። ከአሥራ አራታችን አሥራ ሦስቱ ከኢትዮጵያ ወጥተን አናውቅም። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ፍላቂት ነው፤ ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የመቄት ወረዳ ከተማ ናት። ለእኔማ ካምፓስ መግባት ራሱ አንድ «ውጭ አገር» ነበር ማለት ይቻላል።

ከመሄዳችን በፊት የተዘጋጀነው ለትልልቁ ልዩነት ነበር፤ ለቋንቋው፣ ለከተማው ስፋት፣ ለኪስ አውላቂው። እዚያ ደርሰን ያየነው ግን ሌላ ነው። ሰው አገር የገባን ሰው የሚያደክመው ጭራሽ የማያውቀው ነገር አይደለም፤ የሚያውቀውን የሚመስለው ነገር ነው። የማናውቀውን ስናይ እንጠነቀቃለን፣ እንጠይቃለን። የምናውቀውን የሚመስለውን ግን እጃችንና እግራችን ሳያስቡ ያደርጉታል። ምን ማለቴ እንደሆነ በየተራ ላስረዳ።

ድንበሩና ስማችን

ሞያሌ ከአዲስ አበባ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሁለት አገር የተካፈሏት አንዲት ከተማ ናት። በ2013 ዓ.ም. የጋራ የድንበር ኬላው ከተመረቀ ወዲህ መንገደኛ የሁለቱንም አገር ቁጥጥር በአንድ ጣቢያ ይጨርሳል። ወዲህም ወዲያም ቦረና ነው፤ በሁለቱም በኩል ኦሮምኛ ይነገራል። ስለዚህ በጉጉት የጠበቅነው «ውጭ አገር» ድንበሩ ላይ አልነበረም። ተሻግረንም ያው ሰው፣ ያው ግመል፣ ያው ፀሐይ።

የመጀመሪያው እንግዳ ነገር ስማችን ነበር። እኛ ጋ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአባት ስም ይከተላል እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም። ፓስፖርት ላይ ግን በቤተሰብ ስም ቦታ የሚገባው የአያት ስም ነው። እናም የኬንያው ሠራተኛ ፓስፖርቴን ከፍቶ ጮክ ብሎ የጠራው አያቴን ነበር። አያቴ ገበሬ ነበሩ፤ ከወልድያ አልፈው አያውቁም። «አቤት» ብዬ ቀረብኩ። ናይሮቢም ባረፍንበት ማደሪያም ሆነ በጎበኘነው ኮሌጅ በአያቴ ስም ነው የተጠራሁት። የቡድኑ አባላት ሁሉ እንደዚሁ። መጀመሪያ ላይ ያስቃል። በሁለተኛው ቀን ግን ሰው በስሙ ሳይጠራ ሲውል የሆነ ነገር ይጎድለዋል። ማታ ስንሰባሰብ «እስኪ ስሜን ጥሩኝ» የምትል ልጅ ነበረች። ቀልድ ነው፤ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም።

መንገድና ሰዓት

ኬንያ ውስጥ መኪና የሚሄደው በግራ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ነገር ግን ማወቅ ሌላ፣ አንገት ማዞር ሌላ! መንገድ ልንሻገር ስንል አንገታችን በልማድ መጀመሪያ ወደ ግራ ይዞራል፤ ቅርቡ መኪና የሚመጣው ግን ከቀኝ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከመካከላችን አንዱን ኮሌታውን ጎትቶ ያተረፈው የማታቱ ረዳት ነው (ማታቱ ማለት እንደኛ ሚኒባስ ታክሲ ነው)። የሚገርመው፣ ኢትዮጵያም እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ መኪና የምትነዳው በግራ ነበር። አያቶቻችን በአንድ ቀን ወደ ቀኝ ተዛወሩ፤ እኛ ደግሞ በአንድ ሌሊት ወደ ግራ።

የሰዓት ነገር ከዚህ ይልቅ ረቀቅ ይላል። ስዋሂሊ ልክ እንደ አማርኛ ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ነው። «ሳአ ምቢሊ» ሁለት ሰዓት፣ «ሳአ ሲታ» ስድስት ሰዓት፣ እኩለ ቀን ማለት ነው። ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ ሰዓት ስለምትወጣ ቀኑን ከንጋት መቁጠር ያስኬዳል። የሁለቱ አገሮች የሰዓት ቀጠናም አንድ ነው። ታዲያ ምኑ ያስቸግራል? የሚያስቸግረው ኬንያዊው በስዋሂሊ «ሁለት» ያለውን ሰዓት በእንግሊዝኛ ሲያወራ «ስምንት» ስለሚለው ነው። እኛ ከእነሱ ጋር የምናወራው በእንግሊዝኛ፣ እርስ በርሳችን በአማርኛ፤ ከአስተናጋጆቻችን ጥቂቶቹ ደግሞ ሊያግዙን ብለው በስዋሂሊ ይነግሩናል። በሁለተኛው ቀን ጠዋት «በሁለት» የሚል ቀጠሮ ተይዞ ከቡድኑ ግማሹ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ግማሹ አልጋው ላይ ነበር። ሰዓቱ የተለየ ቢሆን ኖሮ እንጠይቅ ነበር፤ ስለተመሳሰለ ማንም አልጠየቀም።

ቋንቋው

ስዋሂሊ ብዙ ቃላት ከዐረብኛ ወስዷል፤ አማርኛ ደግሞ የዐረብኛ ዘመድ ነው። ስለዚህ በየመንገዱ የሚያውቁት ቃል ይሰማሉ። «ሱካሪ» ስኳር ነው፣ «ሳቡኒ» ሳሙና፣ «ዳሙ» ደም። ከሁሉም ደስ ያለኝ «ካሪቡ» የሚለው ነው። እንኳን ደህና መጣችሁ ለማለትም፣ ማዕድ ላይ «እንብላ» ለማለትም ይጠቀሙበታል። ሥሩ ከእኛው «ቅርብ» ጋር አንድ ነው፤ «ቅረቡ» እያሉን ነው ማለት ነው! «ፖሌ» የሚባልም አለ። ሰው ሲደናቀፍ ያላደናቀፈው ሰው ሁሉ «ፖሌ» ይላል፤ ልክ እንደ እኛ «እኔን!»።

መመሳሰሉ ግን ወጥመድም አለው። ለወላጆቻችን ሽልንግ ማለት ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ እዚያ ግን እንደ ብር ዋናው ገንዘብ ነው። በአማርኛ «እልፍ» አሥር ሺህ ነው፤ የስዋሂሊው «ኤልፉ» ግን አንድ ሺህ። ጓደኛዬ የጫማ ዋጋ ጠይቆ «ኤልፉ ሞጃ» ሲሉት ትቶ ሊሄድ ነበር። የኛ «ሰባ» ሰባ ነው፤ የእነሱ «ሳባ» ግን ሰባት። ይህችን «ሳባ» ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ምግቡ

ጊዜው ፍልሰታ ስለነበር አብዛኞቻችን እንጾም ነበር። ኡጋሊ የሚሉት የበቆሎ ዱቄት ገንፎ ነው፤ ጠንከር ያለ፣ ቅቤና በርበሬ የሌለው። ከጎኑ «ሱኩማ ዊኪ» የሚባል ጎመን ይመጣል። ትርጉሙ «ሳምንቱን ግፋው» ማለት ነው፤ እስከ ደመወዝ ድረስ የሚያደርስ ምግብ እንደማለት። ጊዜሪ የሚሉት ደግሞ በቆሎና ቦሎቄ አንድ ላይ የተቀቀለበት ንፍሮ ነው፤ እሱን ያየን ቀን እፎይ አልን። ችግሩ የነበረው ሻዩ ላይ ነው። ኬንያ ውስጥ «ሻይ» ካሉ ከወተት ጋር የፈላ ነው የሚመጣው። ጿሚ ወተት የሌለው ከፈለገ «ስትሩንጊ» ማለት አለበት። ጎመኑም አንዳንዴ ከሥጋ ጋር ስለሚሠራ አስቀድሞ መጠየቅ ደግ ነው።

ሦስተኛው ቀን

ካለርቮ ኦበርግ የሚባል ካናዳዊ አንትሮፖሎጂስት በ1954 (እ.ኤ.አ.) ብራዚል ውስጥ ባደረገው ንግግር የዚህን ነገር ደረጃዎች ዘርዝሯል። እንግዳ መጀመሪያ በሁሉም ነገር ይደነቃል። ቀጥሎ በጥቃቅኑ ሁሉ መበሳጨት ይጀምራል። ከዚያ ቀስ በቀስ ይለምዳል። መነሻውም ሳናስብ የምንመራባቸው የዕለት ተዕለት ምልክቶች መጥፋታቸው ነው ይላል፤ መቼ እጅ ይጨበጣል፣ እንዴት ይገዛል፣ የቱ ቀልድ ነው፣ የቱ ቁም ነገር ነው የሚለው ሁሉ። ኦበርግ ያወራው ለወራትና ለዓመታት ስለሚቆዩ ሰዎች ነው። እኛ ያንኑ በአምስት ቀን ቀምሰነዋል። ቀኑን ሙሉ መንገዱን፣ ሰዓቱን፣ ዋጋውን፣ ሰላምታውን አስቦ መሥራት ያደክማል፤ በሦስተኛው ቀን ድካሙ ሲጠራቀም ሰው ይከፋዋል።

የቡድናችን መክፊያ ግን ከድካም በላይ ነበር። በጎበኘነው ኮሌጅ ከተማሪዎቹ አንዱ «ከኢትዮጵያ ናችሁ? አሁንም ረሃብ አለ?» ብሎ ጠየቀን። ክፋት አልነበረውም፤ የሚያውቀው ያንን ነው። ከመካከላችን አንዷ ልጅ ግን ያን ቀን ማታ እራት አልበላችም። «ለዚህ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣነው?» ብላ ክፍሏ ገባች። ሌሎቹም ተከተሏት። ከዚያ በኋላ ከኬንያውያኑ ጋር ማውራት ቀረ፤ እርስ በርሳችን በአማርኛ ብቻ። በቡድን መሄድ ጥቅሙ ብዙ ነው፣ ሰው አይጠፋም፣ አይርበውም። ጉዳቱ ግን ይኸው ነው፤ ሲከፋን የምንገባበት ትንሽ አገር ይዘን ስለምንዞር ከእሱ ለመውጣት እንሰንፋለን።

በአራተኛው ቀን አንድ ሌላ ተማሪ ስለ «ሳባ ሳባ» አጫወተን። ሰባት ሰባት ማለት ነው፤ በ1990 (እ.ኤ.አ.) በሰባተኛው ወር በሰባተኛው ቀን ኬንያውያን የመድብለ ፓርቲ ሥርዓት ይፈቀድልን ብለው የወጡበትና ብዙ ሰው የተገደለበት ቀን። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 30 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው፤ ሰባትም የለበትም። እኔ ግን «ሳባ ሳባ» ሲል የሰማሁት «ሰባ ሰባት»ን ነው። የወሎ ልጅ ይህችን ቁጥር ሲሰማ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የ1977ቱን ድርቅና ረሃብ። ስሜ ሆነው የሰነበቱት አያቴ ወልድያ የወረዱት በዚያ ዓመት ነው፤ በሬዎቻቸውን ሸጠው፣ የተረፈውን ቤተሰብ ይዘው። ይህንኑ ለልጁ ነገርኩት። ትናንት ጥያቄውን የጠየቀውም ተማሪ አጠገባችን ነበር፤ ዝም ብሎ አዳመጠ።

ከዚያ መምህራችን አንድ ነገር ጨመሩልን። የ1977ቱን ረሃብ ለዓለም ያሳየው የቢቢሲ ዘገባ የተላለፈው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ያኔ በወሎ ሥር ከነበረችው ኮረም ሆኖ የተናገረው እንግሊዛዊው ማይክል በርክ ሲሆን፣ ካሜራውን የያዘው ግን የናይሮቢ ልጅ ነው፤ መሐመድ አሚን። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ ክንዱን ያጣው፣ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ደግሞ ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ የሞተው ሰው ነው። ያ ምስል ለሕዝባችን እርዳታ አምጥቷል። ያው ምስል ነው ልጁን እንዲያ ብሎ እንዲጠይቅ ያደረገው። ሁለቱም እውነት ነው። ጋዜጠኝነት ለሚማር ሰው ከዚህ በላይ ትምህርት ያለ አይመስለኝም፤ ምስል እውነትን ይይዛል፣ ግን ከያዘበት ቀን ወዲህ ያለውን አይናገርም። የሦስት ቀን እንግዳም እንደዚያው ነው።

እራት ሳትበላ ያደረችው ልጅ በአምስተኛው ቀን ከጠያቂው ልጅ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ሱኩማ ዊኪ ትበላ ነበር። ተሳሳቁ እንጂ ጓደኛ ሆኑ አልልም። ግን ስሟን በትክክል ይጠራ ነበር፤ የአያቷን ሳይሆን የራሷን።

ለሚቀጥለው ቡድን

ወደፊት ለሚሄዱ ጓደኞቻችን የሚከተለውን ብናስታውስ ይጠቅማል እላለሁ፦

1. በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ስማችሁን ሳይሆን የምትጠሩበትን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ደረታችሁ ላይ አድርጉ።

2. መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ፣ ደግሞ ወደ ቀኝ ተመልከቱ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተሻገሩ።

3. ቀጠሮ ስትይዙ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» በሉ፤ ከስልኩ ላይ አሳዩ።

4. ዋጋ በቃል አትስማሙ፤ በስልክ ካልኩሌተር ይጻፍላችሁ። ኬንያ ውስጥ ኤምፔሳ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ስላለ ሕዝቡ በስልክ መክፈል የለመደ ነው፤ የዚያ አገር ሲም ካርድ እስክታወጡ ግን ዝርዝር ሽልንግ ያዙ።

5. ወፍራም ሹራብ አትርሱ። ናይሮቢ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በነሐሴ ይበርዳል። ለፍላቂት ልጅ ምንም አይደለም፣ ከቆላ ለመጣ ግን ከባድ ነው።

6. በሦስተኛው ቀን እንደሚከፋችሁ አስቀድማችሁ እወቁ። ሲከፋችሁ የሰውየውን አገር አትርገሙ፣ መጀመሪያ ተኙ። ከዚያ በየቀኑ አንዷን ሰዓት ከቡድኑ ውጭ ካለ ሰው ጋር አሳልፉ።

7. የማትወዱት ጥያቄ ሲመጣ መልሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። «የለም» ወይም «አዎ» ብቻ አይበቃም፤ መቼ፣ የት፣ ከዚያስ በኋላ ምን ሆነ የሚለውን ጨምራችሁ ንገሩ። የአገራችሁን ታሪክ እናንተ ካልነገራችሁ የድሮ ምስል ይነግርላችኋል።

መልካም ጉዞ!