ጎሉ ህጋዊ ነበር፤ ጨዋታው ግን ተደገመ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1999፣ ሃይበሪ። በኤፍ ኤ ካፕ አምስተኛ ዙር አርሴናልና ሼፊልድ ዩናይትድ 1ለ1 ናቸው። የሼፊልዱ ሊ ሞሪስ ተጎድቶ ሲወድቅ በረኛው አለን ኬሊ ህክምና እንዲያገኝ ብሎ ኳሷን ወደ ውጭ አወጣት። የአርሴናሉ ሬይ ፓርለር እንደ ወጉ ለሼፊልዶች ሊመልስላቸው ወረወረ። ለመድፈኞቹ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደርግ የነበረው ናይጄሪያዊው ካኑ ግን መሃል ገብቶ ኳሷን ወሰዳትና አሻገራት፤ ሆላንዳዊው ኦቨርማርስም ከመረብ አገናኛት። 2ለ1!

ሼፊልዶች በንዴት ጦፉ። አሰልጣኙ ስቲቭ ብሩስ ልጆቻቸውን ከሜዳ ሊያስወጡ ደርሰው ነበር። ታዲያ ዳኛው ፒተር ጆንስ ምን ያድርጉ? ኳስ መመለስ ወግ እንጂ ህግ አይደለም። ጎሉ ጸደቀ።

ከጨዋታው በኋላ ግን አርሴን ቬንገር «እንድገመው» አሉ፤ የእንግሊዝ ፌዴሬሽንም ተስማማ። ከ10 ቀን በኋላ በተደገመው ጨዋታ አርሴናል አሁንም 2ለ1 አሸነፈ፤ ያኔ ያጉረመረመ አልነበረም።

ፍትሁ የመጣው ግን ከዳኛው ሳይሆን ከተጠቃሚው ነው። ቬንገር ዝም ቢሉስ ኖሮ?

የፖከር ሰዎች ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ አላቸው። በ2001 የተመሰረተው የውድድር ዳይሬክተሮች ማህበር ደንቡ ጥብቅ ነው። ሌላው ካስያዘ በኋላ አንድ ተጫዋች ምንም ሳይናገር አንድ ትልቅ ቺፕ ቢያስቀምጥ እኩል እንዳስያዘ እንጂ እንደጨመረ አይቆጠርም። «ልጨምር ነበር» ቢል ሰሚ የለውም። የደንቡ የመጀመሪያ አንቀጽ ግን ያልተለመደ ነገር ሲገጥም ፍትሃዊነት ከደረቅ ህግ እንደሚቀድም ይደነግጋል። የመጨረሻው ውሳኔም የቤቱ ኃላፊ ነው።

አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ዛሬ ለአንዱ የላላ ህግ ነገ ለሌላው ከጠበቀ አድልዎ ይሆናል። ለዚህም ነው ፈቃዱ ላልተለመደ አጋጣሚ ብቻ የተሰጠው።

በእግር ኳስ ግን ነገሩ ዛሬም በአሰልጣኞች ህሊና ላይ ነው። በ2019 ሊድስ በአስቶን ቪላ ላይ አንድ የቪላ ተጫዋች ወድቆ ሳለ ሲያገባ፣ አሰልጣኙ ማርሴሎ ቢዬልሳ ልጆቻቸውን ቆመው ቪላን እንዲያስገቡ አዘዙ። ጨዋታው 1ለ1 አለቀ።

ጎል ሲቆጠርብን «ህጉ ይላላ» ማለት ለማንም ቀላል ነው። ቬንገርና ቢዬልሳ ያሉት ግን ጎሉ የራሳቸው ሆኖ ነው።