አራት ሲሊንደር፣ ሦስት ሠራተኛ

ዳገት ላይ እየተንቀጠቀጠ ነጭ ጭስ የሚተፋ አሮጌ አይሱዙ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ናፍጣውን እያቃጠለ ላይሆን ይችላል። የትኛው? መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የየሲሊንደሩን የናፍጣ ቱቦ በየተራ ላላ ያደርጋል። ድምፁ ከተለወጠ ያ ሲሊንደር ይሠራል፤ ካልተለወጠ ሰነፉ እሱ ነው።

ታዲያ ወዲያው አዲስ ኖዝል ይገዛ? ቆዩ! ናፍጣ የሚቀጣጠለው በካንዴላ እሳት ሳይሆን በታመቀ አየር ሙቀት ነው። ብዙ በሠራ ሞተር ውስጥ የፒስተኑ ቀለበት ስለሚበላ አየሩ ያመልጣል፣ ሙቀቱም ያንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ኖዝሉን ከጤነኛው ሲሊንደር ኖዝል ጋር ማቀያየር ነው። ችግሩ አብሮት ከሄደ ጥፋቱ የኖዝሉ ነው፤ እዚያው ከቀረ ግን ኮምፕሬሽን ይለካ።

አደራ፦ በአዲሶቹ ኮመን ሬል ሞተሮች ላይ ቱቦ ማላላት አይሞከርም። ግፊቱ ከ1000 ባር ሊያልፍ ስለሚችል ናፍጣው ቆዳ በስቶ ይገባል።