በጂፕ ባጋዥ ውስጥ የሚገጠም ተጨማሪ የፊውዝ ሳጥን፦ ወላጆች ከመክፈላቸው በፊት ምን ይጠይቁ?

በናሕሊኤል ከፎቆቹ ሥር ከቆሙት መኪኖች መካከል ከፍ ያለ፣ ጎማው የወፈረ ጂፕ አይጠፋም። ልጆቻችን ከሠራዊት ወጥተው ሥራ ሲይዙ ይገዙትና ብዙም ሳይቆዩ የኋላውን ዕቃ መጫኛ፣ እዚህ አገር ባጋዥ የምንለውን፣ ማደራጀት ይጀምራሉ። ትንሽ ፍሪጅ ይገባል፣ መብራት ይሰቀላል፣ የስልክ መሙያ ይጨመራል። ከዚያ አንድ ቀን «አባባ፣ ከኋላ የፊውዝ ሳጥን ላስገጥም ነው፣ ትንሽ ገንዘብ ጎደለኝ» ይላሉ። የሚነዳው ልጅ ነው፤ የሚከፍለው ግን ብዙ ጊዜ ወላጅ ነው።

ነርሶች ስለ ፊውዝ ምን አገባቸው የሚል አንባቢ ይኖራል። የሚያገባን፣ በዚያ ፍሪጅ ውስጥ ከሐብሐቡና ከለስላሳው ጎን የእናቶቻችን ኢንሱሊን ስለሚቀመጥ ነው። ለስግድ ወደ ኢየሩሳሌም፣ በበጋ ወደ ኪኔሬት፣ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ደቡብ ሲኬድ መድኃኒቱ አብሮ ይሄዳል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። በበጋ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ፍሪጁ መንገድ ላይ ቢጠፋና ማንም ባያይ፣ መድኃኒቱ መልኩን ሳይለውጥ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ሰውየው በሰዓቱ ይወጋል፣ ስኳሩ ግን አይወርድም። ስለዚህ ጥያቄያችን አጭር ነው፦ ፍሪጁ ኤሌክትሪኩን ከየት ያገኛል?

መጀመሪያ ፊውዝ ምን እንደሚሠራ እንይ። ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ሲሄድ ሽቦውን ያሞቀዋል። ከአቅሙ በላይ ከተጫነበት የሸፈነው ላስቲክ ይቀልጣል፣ ቀጥሎ ምንጣፉና የወንበሩ ስፖንጅ ይያያዛል። ፊውዝ ማለት ነገሩ እዚያ ከመድረሱ በፊት ራሱ ቀልጦ መንገዱን የሚቆርጥ ቀጭን ብረት ነው። ብዙ ሰው ፊውዝ ፍሪጁን ወይም መብራቱን የሚጠብቅ ይመስለዋል። ዋናው ሥራው ሽቦውን መጠበቅ ነው። በመሆኑም የፊውዙ ቁጥር ሽቦው ከሚችለው መጠን መብለጥ የለበትም። ይህን አንድ ነገር የያዘ ወላጅ ከባለሙያ ጋር ለመነጋገር በቂ እውቀት አለው።

ታዲያ ተጨማሪው ሳጥን ለምን አስፈለገ? ለእያንዳንዱ ዕቃ ከፊት ባትሪው ድረስ ለየብቻ ሽቦ ከተጎተተ፣ ባትሪው ላይ የሽቦ ክምር ይፈጠራል፤ የትኛው የማን እንደሆነም ማንም አያውቅም። ደኅናው አሠራር አንድ ወፍራም ሽቦ ከባትሪው ወደ ኋላ መውሰድና እዚያ መከፋፈል ነው። ከወንዝ በአንድ ትልቅ ቦይ ተጠልፎ የመጣ ውሃ ማሳው ዘንድ ሲደርስ በየመደቡ እንደሚከፈለው ማለት ነው። በሳጥኑ ላይ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ፊውዝ ይኖረዋል። የመብራቱ ሽቦ ቢላላጥ የሚቃጠለው የመብራቱ ፊውዝ ብቻ ነው፤ ፍሪጁ ሥራውን ይቀጥላል። ሥራው በትክክል ከተሠራ የልጁ ሐሳብ መጥፎ አይደለም። እንዲያውም በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ላይ ሦስት ነገር ደራርቦ ከመሰካት በጣም ይሻላል።

ጥፋት የሚፈጠረው ብዙ ጊዜ በሳጥኑ ላይ ሳይሆን ከባትሪው እስከ ሳጥኑ ባለው ረጅም ሽቦ ላይ ነው። ሽቦው ከሞተሩ ክፍል ተነሥቶ፣ ላሜራ በስቶ፣ በምንጣፍ ሥር አልፎ ነው ባጋዥ የሚደርሰው፤ አራትና አምስት ሜትር ይሆናል። በመንገዱ አንድ ቦታ ተፈግፍጎ የመኪናውን ብረት ቢነካ የባትሪው ኃይል በሙሉ በዚያ ይፈስሳል። ከኋላ ያሉት ትንንሽ ፊውዞች ይህን አያዩትም፤ ምክንያቱም ችግሩ ከእነርሱ በፊት ነው። ስለዚህ ከባትሪው አጠገብ፣ ከአንድ ስንዝር ባልራቀ ቦታ ላይ ዋና ፊውዝ የግድ መኖር አለበት። ዘበኛ የሚቆመው በበሩ ላይ እንጂ በጓሮ አይደለም። የሞተሩን ክዳን አስከፍታችሁ «ዋናው ፊውዝ የቱ ነው?» ብላችሁ በጣታችሁ አስነኩ። ማሳየት ካልቻለ አትክፈሉ።

ቀጥሎ የሽቦው ውፍረት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ዕቃ የሚወስደውን አምፔር ለማወቅ ዋቱን ለ12 ማካፈል ነው። 60 ዋት የሚወስድ ትንሽ ፍሪጅ 5 አምፔር ይሆናል፤ 36 ዋት መብራት 3 አምፔር፤ የስልክ መሙያው 3 አምፔር ቢሆን፣ ሌላ ትንሽ ነገር ሲጨመር 15 አምፔር ያህል እንበል። ይህን በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ቀጭን ሽቦ አምስት ሜትር ሄዶ በሌላ አምስት ሜትር ሽቦ እንዲመለስ ብናደርግ፣ በመንገድ ላይ አንድ ቮልት ያህል ይጠፋል። 12 ሆኖ የተነሣው 11 ሆኖ ይደርሳል። ፍሪጁም ባትሪው የደከመ መስሎት ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። በ10 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ግን የሚጠፋው ሩብ ቮልት ገደማ ነው። በሽቦ ላይ ገንዘብ የሚቆጥብ ሰው የሚቆጥበው ከኢንሱሊኑ ላይ ነው፤ እኛ እንዲህ እናየዋለን።

ሳጥኑ የት ይሰቀል? ወለሉ ላይ አይሁን። በወለሉ ላይ ውሃ ይፈስሳል፣ አሸዋ ይገባል፣ የጎማ ማንሻው ይንከባለልበታል። በጎን ግድግዳ ከፍ ብሎ፣ ክዳን ኖሮት፣ እጅ በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ ይሁን። ብሎኑ ከመበሳቱ በፊት ከግድግዳው ጀርባ ምን እንዳለ መታየት አለበት፤ በአንዳንድ መኪኖች የጎን የአየር ከረጢቱ ሽቦ፣ የነዳጅ መሙያው ቱቦ ወይም የኋላው መብራት ገመድ በዚያ ያልፋል። ሽቦው ላሜራ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይግባበት፤ ብረት ጠርዝ በመንገድ ንዝረት ሽቦን እንደ ቢላዋ ይቆርጣል። የሽቦው ጫፍ በመሣሪያ የተጨመቀ ቀለበት ይኑረው እንጂ ተጠምዝዞ በጥቁር ፕላስተር አይጠቅለል። ኔጋቲቩ ከመኪናው ብረት የሚታሰር ከሆነ ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት ላይ ይታሰር፤ በቀለም ላይ የታሰረ ግንኙነት ይላላል፣ ይሞቃል።

ስለ ቡና ደግሞ አንድ ነገር። የእኛ ሰው ወደ ሐዴራ ወንዝ መናፈሻ ወይም ወደ ጫካው ሲወጣ ጀበናና ትንሿ የጋዝ ምድጃ አትቀርም። ምድጃዋና የጋዝ ቆርቆሮዋ የሚቀመጡት በዚያው ባጋዥ ነው። ቆርቆሮዋን ከፊውዝ ሳጥኑ ሥር አታስቀምጡ፤ በሌላኛው ጎን፣ በካርቶን ሳይሆን በማይንቀሳቀስ ሳጥን ውስጥ ትሁን። መኪናው ፀሐይ ላይ የሚውል ከሆነም ከመኪናው ትውጣ።

ኦክስጅን የሚጠቀም ሰው ላለበት ቤት ነገሩ ከዚህም ይጠብቃል። ኦክስጅን ራሱ አይነድድም፣ ነገር ግን ትንሿን ፍንጣሪ ትልቅ እሳት ያደርጋታል። የኦክስጅን ጠርሙስ ከፊውዝ ሳጥንና ከባትሪ ርቆ፣ ቆሞም ይሁን ተኝቶ በደንብ ታስሮ ይጓዝ፤ መስኮት ትንሽ ይከፈት፤ በመኪናው ውስጥ ማንም አያጭስ። በቤት የሚሠራው ትልቁ የኦክስጅን ማሽን 300 ዋትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ኤሌክትሪክ በሚቀይረው ዕቃ በኩል ሲሠራ ከባትሪው ወደ 30 አምፔር ይጎትታል። ይህ በትንሹ ሳጥን ላይ የሚሰካ ነገር አይደለም። ለጉዞ የራሱ ባትሪ ያለውን ተሸካሚ ማሽን ከቁፓት ሖሊም ነርሳችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ሰው የሚተነፍስበትን መሣሪያ በመኪና ሶኬት ብቻ ተማምኖ ረጅም መንገድ መውጣት አይገባም።

ፊውዝ ሲቃጠል ምን ይደረግ? በዚያው ቁጥር ይተካል። እንደገና ከተቃጠለ ሽቦው ወይም ዕቃው ችግር አለበት ማለት ነውና ወደ ባለሙያ ይሄዳል። ትልቅ ቁጥር መክተት፣ ወይም የሲጋራ ፓኮ ብር ወረቀት ጠቅልሎ መጨመር፣ ዘበኛውን አባርሮ በሩን ክፍት መተው ነው። ቁጥሩ ለደከመ ዓይን የማይነበብ ከሆነ ቀለሙ ይረዳል፤ ተራው የመኪና ፊውዝ በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም አለው። የአገር ቤቱን ባንዲራ ከላይ ወደ ታች አስቡ፦ አረንጓዴው 30፣ ቢጫው 20፣ ቀዩ 10 ነው። ሰማያዊው ደግሞ 15። ለትንሽ ፍሪጅ ብዙ ጊዜ ቀዩ ይበቃል፤ በፍሪጁ መመሪያ ላይ የተጻፈውን ማየት ግን ይቀድማል። በፍሪጁ ቦታ አረንጓዴ ፊውዝ ካያችሁ ልጁን «ለምን?» በሉት።

ሌላው ሞተሩ ሲጠፋ ያለው ነገር ነው። ፍሪጁ ሌሊቱን ሙሉ ከሠራ ጠዋት መኪናው ላይነሣ ይችላል፤ በተለይ ባትሪው ያረጀ ከሆነ። ስለዚህ ባትሪው ሲደክም ራሱን የሚያጠፋ ፍሪጅ ይመረጣል። ራሱን ሲያጠፋ ደግሞ መድኃኒቱ ይሞቃል። በሁለቱ መካከል የሚያስታርቀው ቀላል ነው፦ በፍሪጁ ውስጥ ትንሽ ቴርሞሜትር ይኑር፣ የበረዶ ማሸጊያ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተጠባባቂ ይሁን። ኢንሱሊኑ በረዶውን ወይም የፍሪጁን ግድግዳ በቀጥታ አይንካ፤ አንዴ ወደ በረዶነት የተለወጠ ኢንሱሊን ቢሟሟም ይጣላል እንጂ አይወጋም። ተከፍቶ በሥራ ላይ ያለው ብዕር አብዛኛውን ጊዜ ለ28 ቀን ያህል ከ30 ዲግሪ በታች ከፍሪጅ ውጭ ሊቆይ ይችላል፤ የእናንተው ምን እንደሚል ወረቀቱን ወይም ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ለስግድ ለመጾም የሚያስቡ የስኳር ሕሙማን ደግሞ ከጉዞው በፊት ወደ ክሊኒክ ብቅ ይበሉ፤ ይህ ከፊውዝ ጋር ባይገናኝም ሳንለው ብናልፍ አያስችለንም።

ልጆቹ ሥራውን በራሳቸው በግቢ ውስጥ እንሥራ ካሉ፣ ከባትሪው ኔጋቲቩን ሳይነቅሉ አይጀምሩ። ቀለበትና የእጅ ሰንሰለት ይውለቅ። መፍቻ በአንድ ጫፉ ፖዘቲቩን፣ በሌላው የመኪናውን ብረት ሲነካ ቀለበቱ በቅጽበት ግሎ ጣትን ዙሪያውን ያቃጥላል። 12 ቮልት ሰውን አይመታም ሲባል እንሰማለን፤ ባይመታም ያቃጥላል። ብርቱካናማ ወፍራም ገመድ ያለባቸውን ሃይብሪድ መኪኖች ግን ያልሠለጠነ ሰው ፈጽሞ አይንካቸው፤ በዚያ ያለው ኤሌክትሪክ ይገድላል። ቃጠሎ ከደረሰ ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ማቀዝቀዝ ነው፤ ቅቤ፣ የቡና ዱቄት፣ የጥርስ ሳሙና፣ በረዶ አይደረግበትም። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ ወይም ፊትና እጅ ከነካ 101 ይደወል። በጉዞ ላይ የላስቲክ ሽታ ከሸተተ መኪናውን ዳር አቁሞ ሞተሩን ማጥፋት፣ መጀመሪያ ሽማግሌዎችንና ሕፃናትን ማውረድ፣ ራቅ ብሎ 102 መደወል ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በዚህ አገር ሙሳኽ ከማጓጓዣ ሚኒስቴር ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ዘርፉን የሚመለከት የፈቃድ ሕግ በ2016 ወጥቷል። ፈቃዱን ለማየት ጠይቁ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ በውስጡ መኖሩን ተመልከቱ፤ መጠየቅ አያሳፍርም። ዋጋውን ከሁለት ቦታ በጽሑፍ አስወስዱ። በወረቀቱ ላይ የሽቦው ውፍረት፣ የዋናው ፊውዝ ቁጥርና ቦታ፣ ዋስትናው ለስንት ጊዜ እንደሆነ ይጻፍ። «በጥሬ ገንዘብ ያለ ሔሽቦኒት ቅናሽ አደርጋለሁ» የሚል ሲገጥማችሁ፣ ነገ ሽቦው ቢቃጠል የምታሳዩት ወረቀት እንደማይኖራችሁ አስቡ። መኪናው ገና በአስመጪው ዋስትና ሥር ከሆነ አስቀድማችሁ አስመጪውን ጠይቁ፤ ለኢንሹራንስ ወኪሉም ንገሩ። ሥራው ሲያልቅ በሳጥኑ ክዳን ላይ የትኛው ፊውዝ የምን እንደሆነ ይለጠፍ፣ ብንችል በዕብራይስጥም በአማርኛም፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ሁለት ተጠባባቂም በዚያው ይቀመጥ።

በዚህ ሥራ እጁ የሚፈታ፣ ሽቦ ሲያይ ደስ የሚለው ልጅ ቤት ካለ ደግሞ ወጪውን በሌላ ዓይን ማየት ይቻላል። የመኪና ኤሌክትሪክ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ መኪኖች በኤሌክትሪክ በተሞሉ ቁጥር ሥራውም ይሰፋል። ከሠራዊት የተሰናበተ ወጣት የሚያገኘው ፒካዶን ከሚውልባቸው ነገሮች አንዱ የሙያ ትምህርት ነው። ገንዘቡ ከማለቁ በፊት የትኛው ኮርስ እውቅና እንዳለው፣ በመጨረሻው የሚሰጠው ምስክር ወረቀት ከማን እንደሆነና የልምምድ ሙሳኽ ያገናኝ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። የኤሌክትሪክና የሃይብሪድ መኪኖች ትምህርት በኮርሱ ውስጥ መኖሩንም አብሮ ያጣራ።