መርዶ በስፒከር አይነገርም

ባለፈው ክረምት ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚኒባስ እየሄድኩ ነበር። መንገዱ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ ቅዳም ሳንደርስ ከኋላ የተቀመጠ የአንድ ወጣት ስልክ ጠራ። ስፒከሩን ከፍቶ "ሃሎ" አለ። ደዋዩ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም የአንድ አዛውንት ስም ጠርቶ "ሌሊት አረፉ፤ ልጃቸው ገና አልሰማችም" አለ።

መኪናው ሙሉ ሰማ። ልጃቸውም ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። "አባትሽን አሟቸዋል፣ ቶሎ ድረሺ" ተብላ የተጠራች ሴት ናት።

ሾፌሩ ዳር ያዘ። እኔም በጡረታ የተውኩትን የነርስነት ሥራ እዚያው ጀመርኩ። ራሷን ስታ ስለነበር በጀርባዋ አስተኝተን እግሯን ከፍ አደረግን። እስክትነቃ ድረስ ውሃ እንዳይሰጧት ከለከልኩ። ወጣቱ አጠገባችን ቆሞ ያለቅስ ነበር። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ስልክ ሰው መሀል እንዴት እንደሚነሳ ያስተማረው የለም።

መርዶ በአገራችን ሥርዓት አለው። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ባለቤቱ ቤቱ ሳለ ይነገራል። የሚደግፍ ሰው ከጎኑ ይቆማል። በሙያችን የተማርነውም ከዚህ አይርቅም፦ ቤተሰቡን ለብቻ ጠርቶ ማስቀመጥ፣ በግልጽ ቃል መናገር፣ ተናግሮም ጥሎ አለመሄድ። ድንገተኛ ድንጋጤ በተለይ የልብ ሕመምና የደም ግፊት ላለበት ሰው አደገኛ ነው።

ሞባይል ወደ አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት መርዶ በሰው እግር ይመጣ ነበር፤ መልእክተኛው ቃሉን መንገድ ላይ ያሰላስላል። ዛሬ ወሬው ከማሰቡ ይቀድማል። የስልክን ጥቅም አልክድም፤ ምጥ ለያዛት እናት አምቡላንስ የሚጠራው በእሱ ነው። ይሁን እንጂ ለልጆቻችን ስልኩን ስንገዛ ሥርዓቱን አብረን አልሰጠናቸውም።

እነዚህን ከቤት እንጀምር፦

ሰው መሀል ስፒከር አይከፈት። ይህ ጆሯችን የከበደብንን እኛንም ይጨምራል፤ ካልሰማን ወርደን ወይም ወጣ ብለን እንደውል።

ስልክ ስናነሳ አስቀድመን "ሰው መሀል ነኝ" እንበል። ክፉ ወሬ የያዘ ደዋይም "የት ነህ? አጠገብህ ማን አለ?" ብሎ ይጠይቅ።

ቤተሰቡ ሳይረዳ የሟች ፎቶ "ነፍስ ይማር" ተብሎ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም አይለጠፍ። ሩቅ አገር ያለ ልጅ የአባቱን ሞት በዚያ ማወቅ የለበትም።

በሕክምና ቤት የስልክ ድምፅ ይጥፋ። የተኛ ሕመምተኛም ሳይፈቅድ ፎቶ አይነሳ፤ ሕመሙ የራሱ ምስጢር ነው።

በሰልስቱ ለቅሶ ደረስኩ። ሴትዮዋ እጄን ይዛ "አባቴ ዕድሜ ጠግበው ነው የሞቱት። የሚቆጨኝ የማላውቀው ሰው መሀል መስማቴ ነው፤ እናቴን አቅፌ ብሰማው ምን ነበረበት?" አለችኝ።

ይህን ቃሏን ለልጅ ልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ። እናንተም ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።